ክረምቱን ባሕር ዳር ከልጆች ጋር፦ መቼ እንምጣ? ምን እናዘጋጅ?

የሽምብጥ ልጅ (ኤድመንተን፣ ካናዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። በዚህ ክረምት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አገር ቤት ለመግባት እየተሰናዳን ነው። ሴቷ 12 ዓመቷ ነው፤ ሕፃን ሳለች አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፣ ግን ምንም አታስታውስም። ወንዱ 6 ዓመቱ ነው። አያቱን የሚያውቃት በስልክ ብቻ ስለሆነ ባለፈው ሰሞን «አያቴ እግር አላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ የሚያያት ከደረቷ በላይ ነዋ!

ጥያቄዬ ብዙ ነው፣ ታገሡኝ። ትምህርት ቤታቸው በሰኔ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይዘጋል፣ የሚከፈተው ደግሞ ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው። ባለቤቴ ያለው ፈቃድ አጭር ነው፤ እናቴ ግን «ክረምቱን ሙሉ» ትላለች። ሐምሌ ይሻላል ወይስ ነሐሴ?

ሁለተኛ፣ ማረፊያ። የእናቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቴ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሆቴል እንያዝ ይላል። እናቴ በሕይወት እያለች፣ ቤቷም እያለ፣ ሆቴል አድራለሁ ብዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ወይስ ቀኑን ሳንነግራት ድንገት ብንገባ ይሻላል? ደስታዋን ማየት እፈልጋለሁ።

ሦስተኛ፣ የሚመጣው ዕቃ። የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ አክስቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጎረቤቶች ጫማ፣ መነጽር፣ ቫይታሚን። እናቴን ስጠይቃት «አንቺን ብቻ» ነው መልሷ። ከዚህ ሁሉ የቱን ልያዝ?

መጨረሻ ላይ ወባ። እኛ በልጅነታችን ታመን ድነናል፤ እነዚህ ግን ትንኝ በነከሳቸው ቁጥር ፊታቸው የሚያብጥ ልጆች ናቸው።

———

የሁለት ልጆች አባት (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ከወረቀቱ ልጀምር። የካናዳ ዜግነት ከወሰዳችሁ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁ ጊዜው አለማለፉን አሁኑኑ እዩ፤ ካለፈ ወይም ልጆቹ ከሌላቸው፣ ወይ መታወቂያውን አውጡ ወይ ቪዛውን በኢንተርኔት አመልክቱ። ባለቤትሽ ቀድሞሽ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ብቻሽን ይዘሽ እንድትጓዢ መፍቀዱን የሚገልጽ፣ በሕግ ባለሙያ ፊት የተፈረመ ደብዳቤ ያዢ። ላትጠየቂ ትችያለሽ፤ ከተጠየቅሽ ግን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደብዳቤ ከየት ይመጣል?

ትኬቱን እስከ ባሕር ዳር በአንድ ላይ ግዙ። አዲስ አበባ ላይ ለብቻው ሌላ ትኬት ስትገዙ የአገር ውስጡ የሻንጣ ልክ ያንሳል፣ ትርፉንም ትከፍላላችሁ። በመኪና እንሂድ፣ ልጆቹ የዓባይን በረሃ ይዩ የምትሉ ከሆነ ለዘንድሮ ተዉት። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ክፍት ቢሆን ነገ ላይሆን ይችላል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙም ውሉን አንብቡ፤ መንግሥታችሁ «አትሂዱ» ያለበትን አካባቢ የማይሸፍን ኢንሹራንስ ብዙ ነው።

የፀጉር ማድረቂያሽን እዚያው ተይው። የእናንተ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ 220። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም ይችላል፤ የፀጉር ማድረቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይችልም፣ ይቃጠላል።

———

ጡረተኛዋ መምህርት (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ እኔ የምጽፍልሽ ከጠባቂዎቹ ወገን ሆኜ ነው። ልጄ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ጀርመን ነው፤ ሲመጡ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። መንገደኛ ስለ ሻንጣው ያስባል፤ እዚህ ቤት የሚደረገው ዝግጅት ግን ከሻንጣው ቀድሞ ይጀመራል።

ስለዚህ ድንገት መግባትን እርሺው። እናትሽን ማስደንገጥ ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም፤ ባዶ ቤት እንግዳ ገባብኝ ብላ እናንተ እስክትመለሱ ድረስ ትቆጫለች። ቁርጡን ቀን እስከ ግንቦት መጨረሻ ንገሪያት። ለምን ግንቦት ብትዪኝ፣ በሐምሌ በርበሬ የሚሰጣበት ፀሐይ የለም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት መድረስ ያለበት ዝናቡ ሳይገባ ነው። ዘግይተሽ ከነገርሻት ገበያ ወጥታ የተፈጨ ልትገዛ ነው፤ የእኔ ትውልድ ሴት ይህን እንደ ውርደት ነው የምታየው። ስትመለሱ የምታሸክማችሁ በርበሬና ሽሮም ከዚያው ነው፣ ከሻንጣዎቻችሁ አንዱ ባዶ ይምጣ።

ገንዘብም የምትልኪ ከሆነ ቀድመሽ ላኪ። እናቶች «ምንም አልፈልግም» እያሉ የዕቁቡን ዳኛ ዕጣዬን አስቀድሙልኝ ብለው ሲለምኑ አይቻለሁ፤ ቀለም ለማስቀባት፣ ፍራሽ ለመግዛት፣ በግ ለማሰር። አንቺ መጥተሽ ብትሰጫት ዕዳውን ትከፍልበታለች እንጂ አትደሰትበትም።

ስለ ወሩ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በእናንተ አቆጣጠር ጁላይ 12። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። በመካከሉ ካለው ረቡዕና ዓርብ በቀር ዶሮውም በጉም የሚበላው በዚያ ጊዜ ነው። ከነሐሴ 1 በኋላ የምትመጡ ከሆነ እናትሽ ለእናንተ ሥጋ እየሠራች ራሷ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ለእርሷም ለእናንተም አይመችም። ግን ደግሞ ልጆች ቡሄን ሳያዩ መመለስ የለባቸውም፤ ነሐሴ 12 ማታ «ሆያ ሆዬ» እያለ በር የሚያንኳኳ የሠፈር ልጅ፣ በማግሥቱ ሙልሙሉ። ፍልሰታን እዚህ ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙት የአንቺም ልጅ አብሮ እጾማለሁ ቢል አትደንግጪ፤ እስከ ረፋድ ድረስ ነው ጉልበቱ። የእኔ ምክር፦ ባለቤትሽ ሐምሌን አብሯችሁ ይሁንና ይመለስ፣ አንቺና ልጆቹ ቡሄን ውላችሁ ሂዱ።

ስለ ሆቴሉ፣ ባለቤትሽ ያለው አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እናትሽ ቤት እደሩ፣ መሬት ላይ ተደርድራችሁም ቢሆን። ከዚያ በኋላ ሆቴል ያዙና እናትሽን ይዛችኋት ሂዱ። ጣና ዳር ተወልዳ አርጅታ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት እያየች ሌላ ሰው ያፈላላትን ቡና ጠጥታ የማታውቅ ስንት እናት አለች!

ዕቃውን በተመለከተ የደም ግፊት መለኪያውንና የንባብ መነጽሮቹን ያዢ፤ ባትሪ ጨምሪበት። ላፕቶፑን ተይው። ለአንዱ ላፕቶፕ ለሌላው ካልሲ የሰጠሽ ቀን ዘመድ ለሁለት ይከፈላል። የቀረውን ለእናትሽ አስረክቢያት፣ እርሷ ታካፍል። ለማን ምን እንደሚገባ ታውቃለች፣ ክብሩም የእርሷ ይሆናል።

አሁን ማንም ያልጠየቀሽን ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሞቱ ሰዎች አሉ። የተነገሩሽም፣ ያልተነገሩሽም። በእኛ አገር በስደት ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል ተብሎ ይደበቃል። ከዚያ ሲመጣ፣ በደረሰ በማግሥቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይገባሉ። የ6 ዓመት ልጅ እናቱ መሬት ላይ ወድቃ ስታለቅስ አያቱ ቤት የመጀመሪያ ጠዋቱ ላይ ቢያይ ምን ይለዋል? አሁኑኑ ደውዪና «የደበቃችሁኝ አለ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። እናትሽ ካልነገረችሽ እኅትሽ ወይም የንስሐ አባታችሁ ይንገሩሽ። ስማቸውን ጻፊ። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ በመድረስ ስለሚያልቅ ነጠላሽን ሻንጣው ውስጥ ከላይ አድርገሽ እሰሪ፣ ሐይቁም መዝናናቱም ከዚያ በኋላ ነው። ለልጆቹም ንገሪያቸው፦ ሰዎች ቤት እንገባለን፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ ወይም እንጀራ ይቀርባል፣ ትንሽ ትቀምሳላችሁ። ሴቷ በደንብ ይገባታል። ወንዱን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ጉንጩን እንደሚስመውና «እናትህን ነው ወይስ አባትህን የምትወድ?» እንደሚለው ከአሁኑ አለማምጂው።

———

ነርስ ነኝ (ባሕር ዳር)

ወባን በአጭሩ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከወባ ነፃ አይደለችም። ወባው የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ ክረምት ላይም ግን አለ። አንቺ ልጅ ሳለሽ ታምሜ ድኛለሁ ማለት አይጠቅምሽም፤ የነበረሽ መከላከያ በስደት ዘመን ደክሟል፤ ባለቤትሽ ደግሞ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ እዚያው ሐኪም እዩ፤ መከላከያው መድኃኒት ከመነሣታችሁ በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላም የሚቀጥል ነው። አጎበር እዚህ ይገኛል፣ ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ልጆቹ ያለ አጎበር አይተኙ። ካናዳ ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛቸው ለሐኪሙ ኢትዮጵያ ነበርን በሉት፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የሚነሣ የወባ ዓይነት አለ።

ሌላው፣ ሐይቁ ውስጥ አይዋኙ፣ እግራቸውንም አይንከሩ። ዳር ዳሩን ባሉት ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዚያ የሚባል የጥገኛ ትል በሽታ ይይዛል።

———

የሽምብጥ ልጅ

እትዬ መምህርት፣ ያሉኝን አደረግሁ። እናቴ መጀመሪያ «ማን ምን አለሽ?» ብላ ተቆጣች፤ ኋላ እኅቴ ነገረችኝ። ከግቢያችን ጀርባ የነበሩት፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ባለፈው ጥቅምት አርፈዋል። እዚሁ አልቅሼ ወጣልኝ። ለልጆቼም ማን እንደነበሩ ነገርኋቸው።

ቀኑም ተቆርጧል። ሐምሌ 6 እንገባለን፣ ባለቤቴ በሐምሌ መጨረሻ ይመለሳል፣ እኛ ቡሄን እንውላለን። የሜሪላንዱ ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ለማስፈረም ቀጠሮ ይዘናል። የቀረኝ የሐይቁ ነገር ነው። ልጆቹ ገዳማቱንና ጢስ ዓባይን ማየት ይፈልጋሉ። በክረምት ጀልባ ይሄዳል? ወንዱ ታንኳ ላይ ካልወጣሁ ብሏል።

———

ጀልባ ላይ የምሠራ (ባሕር ዳር)

እኅታችን፣ ይሄዳል። ዘዴው ጠዋት መውጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስና ዝናብ ይመጣል፣ ማዕበሉም ልጆችን ያስፈራል። ገዳማት ያሉበት ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት በልጆቹ ልክ የሆነ መንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ የአዋቂው በ6 ዓመት ልጅ ራስ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ባለ ጀልባው «አለ» ካለ «አውጣው» በሉት። የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ጀልባ ያዙ።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ልጅቷ እዚያ ደርሳ ጀልባ ላይ ከምትቀር ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላችኋል፣ ሁላችሁም ትገባላችሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ አያታቸው አብራ ካለች ታሪኩን እርሷ ትንገራቸው፣ ከአስጎብኚ ይበልጣል። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በቡናና በጌሾ መካከል ሽቅብ ነው፣ በክረምት ያንሸራትታል። በር ላይ ጫማ ስለሚወለቅ ባለ ብዙ ማሰሪያ ጫማ አታድርጉ።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ መጥታችሁ ቢሆን ድንጋይ ነበር የምታዩት፤ በነሐሴ ግን ይሞላል፣ ቀለሙም ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነው፣ ልጆቹ ሰማያዊ እንዳይጠብቁ። ሳትነሡ የዚያን ዕለቱን መንገድ ጠይቁ፤ የትናንት መረጃ አይበቃም።

የደንገል ታንኳው ነገር፣ ውኃ ዳር ታስሮ ሳለ ይቀመጥበትና ፎቶ አንሡት። ታንኳ ውኃ እያስገባ ነው የሚሄደው፣ ቀዛፊውም ተቀማጩም ይረጥባሉ፤ ነርሷ ደግሞ ያለችውን አንብባችኋል። ገፍቶ መሄድ ካማረው ደብረ ማርያም ደሴት በሞተር ጀልባ ቅርብ ነው፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣውም እዚያው አጠገብ ነው። ማልዳችሁ ከወጣችሁ ጉማሬ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ሳታዩ ብትቀሩ ግን ሒሳብ አይቀነስም።

———

ጡረተኛዋ መምህርት (ባሕር ዳር)

የኔታን ነፍስ ይማር። የሙት ዓመታቸው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ጥቅምት ላይ ስለሚሆን፣ ቤተሰባቸውን ለቅሶ ስትደርሺ ለተዝካሩ የምታዋጪውን በዚያው ስጪ፤ ኋላ ከካናዳ ልላክ ብትዪ በማን በኩል ይሁን የሚለው ብቻ ሌላ ስብሰባ ይጠይቃል።