ጀበና ልጄ ላይ ተደፋ! የትኛውን ቅባት ልግዛ?

የአቢ እናት፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጀበናው ልጄ ላይ ተደፋ። ቡናው ገና ከእሳት መውረዱ ነበር። ደረቱና እጁ ቀልቷል፣ ይጮሃል። አክስቴ ኮልጌት ቀቢው ትላለች። ጎረቤት እንቁላል ይዛ መጥታለች። ፋርማሲ ሰው ልልክ ነው፣ የቅባቱን ስም ብቻ ጻፉልኝ።

ሳቂታው፦
እንቁላሉን ጥበሽ ጎረቤትሽን አብያት። ልጁ ላይ ግን እንዳታፈሺው።

ማሚ ቨርጂኒያ፦
ኮልጌት በፍጹም! ውሃ! 20 ደቂቃ ውሃ አፍሺበት! ቶሎ 911 ደውይ የኔ እህት።

ፀጉር ሰንጣቂ፦
911 አዲስ አበባ ላይ ማን ያነሳላታል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። 939ም አለ። ደግሞ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። «የትኛው ቅባት» አይባልም፣ አሁን ምንም ቅባት አያስፈልግም። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ከተቃጠለ ስንት ደቂቃ ሆነው?

የአቢ እናት፦
ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው። ውሃ ውሃ ትላላችሁ፣ ውሃ እኮ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል!!

የሰፈር ሽማግሌ፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። እናቶቻችን ቡና የሚያፈሉት ልጅ አዝለው ነበር። ጀበናው ማቶቱ ላይ፣ ማቶቱ ጥግ ላይ። ዛሬ ረከቦቱ መሃል ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ ጭሱ ለፎቶ እንዲያምር ተብሎ፣ ሕፃኑ በዳዴ ሲመጣ የሚያየው የለም። እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አንዱም...

ፀጉር ሰንጣቂ፦
አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስብከቱ ለነገ ይቆየን።

ሲስተር ከድንገተኛ፦
እህቴ፣ ጀሪካን ውስጥ ውሃ የለሽም? የመጠጥም ቢሆን ይሁን። ልብሱን አውልቂለት። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ካለ አትጎትቺ፣ ዙሪያውን ቁረጪው። ፓምፐርሱንም አውልቂ! ፍል ውሃ ይዞ ከሥር ያቃጥላል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አምባርና ማተብም ካለው ይውለቅ፣ ሲያብጥ ያንቀዋል። ከዚያ በጣሳ ቀስ እያልሽ አፍሺ። በደቂቃ አንድ ሊትር ብታፈሺ ባለ20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ደቂቃ ያደርስሻል። ውሃው ካለቀ ንጹሕ ጨርቅ እያረጠብሽ ቀያይሪለት። በረዶ አይሆንም። የልጅ ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ያልተቃጠለውን በጋቢ ጠቅልዪው።

ማሚ ቨርጂኒያ፦
20 ደቂቃ ብያለሁ እኮ!

ሳቂታው፦
ሰምተናል ማሚ፣ ሰዓት ይዘናል።

የአቢ እናት፦
ፓምፐርሱ በቡና ርሶ ነበር!! አወለቅኩት። ሥሩም ቀልቷል። እያፈሰስኩ ነው። ደረቱ ላይ ውሃ ቋጥሯል፣ ላፍርጠው?

ሲስተር ከድንገተኛ፦
እንዳትነኪው። ስትጨርሺ ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ካለሽ ላዩ ላይ ጣል አድርጊበት፣ አታጥብቂው። ከሌለ የታጠበ ነጠላ። ጥጥ አይሁን፣ ይጣበቃል። እጁን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ካለሽ ጠርሙሱን እዪ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም የሚል ከሆነና ልጁ 11 ኪሎ ገደማ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ስጪው። የሰጠሽበትን ሰዓት ያዢ፣ ሐኪም ይጠይቅሻል። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። በዚህ ዕድሜ፣ እጅና ብልት አካባቢ ከተነካ ቤት አይታከምም።

ፀጉር ሰንጣቂ፦
ስፋቱንስ በምን ትለካ?

ሲስተር ከድንገተኛ፦
በራሱ በልጁ መዳፍ። ጣቶቹን ጨምሮ አንድ መዳፍ የገላው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ልጅ ላይ አሥር መዳፍ ከደረሰ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፣ እናንተ ግሉኮስ የምትሉት። ከባድ ከሆነ ለቃጠሎ ሕክምና ወደሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፉላችሁ ይችላሉ።

የአቢ እናት፦
ቅርባችን ያለ ሆስፒታል ደረስን። ቢጫ ካርድ ሰጥተው ቁጭ በሉ አሉን። ከኋላችን የመጣ ሰውዬ ቀድሞን ገባ! ድምፅ እንኳ አላሰማም። የኔ ልጅ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እያለቀሰ!

ሳቂታው፦
ሰውዬው ሰው ይኖረዋል።

ሲስተር ከድንገተኛ፦
አይደለም። ትሪያጅ ማለት ይኸው ነው። በመምጫ ተራ ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው የሚገባው። ብዙ ቦታ ቀይ ወዲያው ይገባል። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ እስከ አራት ሰዓት ይጠብቃል። የሚጮህ ልጅ ይተነፍሳል። እኛን የሚያስደነግጠን ዝም ያለው ነው። አንቺ ግን ዓይንሽን ከልጁ አትንቀዪ። ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ከዛለ ተነሺና እንደገና እዩልኝ በይ። ሳታፍሪ።

የሰፈር ሽማግሌ፦
ሲስተር፣ ተባረኪ። እኔም ዛሬ ተማርኩ። በእኛ ቤት ቅቤ ነበር የምንቀባው።

የአቢ እናት፦
ተጠራን

ማሚ ቨርጂኒያ፦
እንዴት ሆነ ልጁ?

ማሚ ቨርጂኒያ፦
የአቢ እናት? ሦስት ቀን ሆነሽ እኮ። አንድ ቃል ጻፊልን።

ሹፌሩ፦
ሰላም፣ ስለ ቃጠሎ ስፈልግ እዚህ ደረስኩ። የራዲያተር ክዳን ስከፍት እጄን ለበለበኝ። ኮልጌት ቀብቼዋለሁ። ምን ልጨምርበት?

ሲስተር ከድንገተኛ፦
ስንት ሰዓት ሆነው?

ሹፌሩ፦
ሁለት ሰዓት አይሞላውም።

ሲስተር ከድንገተኛ፦
ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ውሃው ይጠቅማል። ኮልጌቱን ቀስ ብለህ እጠበውና እጅህን ቧንቧ ሥር አድርግ። ቀለበት ካለህ አሁኑኑ አውልቅ።

ማሚ ቨርጂኒያ፦
20 ደቂቃ!