«ሲክስዝ» ስል ለምን «ሲክስቲ» ይሰማቸዋል?

የማታ ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ገና አራተኛ ወሬ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብም መጻፍም አይቸግረኝም፤ የሚያስጨንቀኝ የመንገድ ስም ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትልቅ ሴት የምግብ ቤት አድራሻ ጠየቁኝ። 6ኛው መንገድ ላይ ነው ልላቸው «ሲክስት ስትሪት» አልኩ። «ሲክስቲ?» አሉኝ። ደገምኩት፤ አሁንም «ሲክስቲ?» በመጨረሻ 6 ቁጥርን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ሴትየዋ ደግ ነበሩ፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ስብሰለሰል አመሸሁ። 12ኛውማ («ትዌልፍዝ») ጭራሽ አይሞከርም። ስልክ ላይ ደግሞ ወረቀት የለም። መስታወት ፊት ቆሜ እያንዳንዱን ድምፅ ለማውጣት ስታገል ይብስብኛል። እነሱ ያን ሁሉ ተነባቢ እንዴት ነው በአንድ ትንፋሽ የሚያወጡት?

ባለታክሲው፦
እህቴ፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። እዚሁ ዲሲ ታክሲ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። ሁለት ነገር ተደራርቦብሻል። ምላስ ጥርስ ላይ ተጠግቶ የሚነፋው ድምፅ በፊደላችን የለም፣ ስለዚህ «ት» አደረግሽው። ከዚያ ደግሞ አፋችን «ወርቅ»፣ «ብርድ» ላይ እንዳለው ሁለት ተነባቢ ይችላል፤ ሦስት አራት ሲደረደርበት ሳይታወቀን አናባቢ ጣል እናደርጋለን። ያቺ ከ«ት» ኋላ የገባችው ለእነሱ «ቲ» ናት። 60ኛ መንገድም ወዲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ አለ፣ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

መስታወቱን ግን ተዪው። እነሱም ሁሉንም አያወጡትም! እኛ «ትምህርት ቤት» ብለን እንጽፋለን፤ ስናወራ ግን «ትምርት ቤት» ነው፣ «ህ»ን ማን ያወጣታል? እነሱም ልብስ ሲሉ መሀል ያለውን የጥርስ ድምፅ ዘልለው «ክሎውዝ» ብለው ያልፋሉ፣ «ጠየቀ» ለማለት «አስክድ»ን «አስት» ይላሉ። 12ኛ ላይ ብዙዎቹ «ፍ»ን ይውጧታል።

ለ6ኛው እንዲህ አድርጊ፦ «ሲክስ» ብለሽ «ስ»ን ሳታቋርጪ ሳቢያት፣ መሀል ላይ የምላስሽን ጫፍ ወደ ጥርስሽ ጠጋ አድርገሽ መልሺው፣ በዚያው ትንፋሽ «ትሪት» በይ። ሲክስስስትሪት። አየሩ ከተቆረጠ «ት» ትገባለች፤ ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ነው። መለማመድ ግን በ9ኛው ጀምሪ፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ስትሪት ማዕዘን። «ናይን» ብለሽ መንፋት ብቻ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ባለታክሲው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። የሚዋጠው የመሀሉ ነው፤ የመጨረሻዋን «ስ» እንዳትነኪያት። ሁለት ወር ለማለት «ቱ መንትስ» ብትዪ ማንም ይረዳል። «ቱ መንት» ካልሽ ግን ሰሚው ቆም ብሎ ያስባል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ጭራዋን እየቆረጥኩ መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ሦስቴ ያስደግሙኝ ነበር። ደግሞ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ጭራዋን ለእሱ ስጪው፦ «አስክድ ኢት» ሳይሆን «አስ ቲት»።

የማታ ፈረቃ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ስልክ ላይ ትንፋሼን ሳልቆርጥ ሞከርኩት፤ ሰውየው «ኦኬ፣ ሲክስዝ» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። 12ኛው ላይ «ፍ»ን ብውጣትም «ል» ላይ ስደርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይቀራል። ባለታክሲው፣ ከ«ል» ወደ ጥርስ እንዴት ነው የምታሻግረው?