የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎቻችን በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራሉ ወይ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልን። ከወንድሜ ጋር ጠባሴ አካባቢ አነስተኛ የጌም ቤት አለን። ያሉን ማሽኖች ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 እና አንድ ፕሌይስቴሽን 3 ሲሆኑ፣ ገንዘባችን በብዛት የፈሰሰው ግን ከአዲስ አበባ እያስመጣን ባጠራቀምናቸው ሲዲዎችና ጆይስቲኮች ላይ ነው። አሁን ፕሌይስቴሽን 5 ለመግዛት አስበናል፤ የድሮዎቹን ሲዲዎች የማይቀበል ከሆነ ግን ከዜሮ መጀመር ስለሚሆንብን እንተወዋለን። የምታውቁ ብትመክሩን።

መልስ፣ ከሸዋሮቢት
የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎቻችሁ ከጥቂቶች በስተቀር ይሠራሉ፤ የፕሌይስቴሽን 3 ግን አንዱም አይሠራም። ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ማሽን መግዛታችሁን አረጋግጡ፤ የሌለውም ይሸጣልና በዋጋው እንዳትታለሉ። የድሮው ጆይስቲክ በአዲሱ ማሽን ላይ የሚታዘዘው የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ሲከፈት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ አዲስ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲወጣ የፕሌይስቴሽን 4ቱን ቅጂ እገዛለሁ፤ አንዱ ሲዲ በሁለቱም ማሽን ላይ ስለሚሠራ፣ ልጆቹም በለመዱት ጆይስቲክ ስለሚጫወቱ፣ በሥዕሉ ጥራት ላይ የሚቀረው ነገር ለጌም ቤት ብዙም አይጎዳም።

መልስ፣ ከደብረ ሲና (ጥገና እሠራለሁ)
የ3ቱ ሲዲ የማይሠራበትን ምክንያት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ሴል የተባለ ለብቻው የተለየ ፕሮሰሰር ነበረው፤ በ2013 የመጣው ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከተራ ኮምፒውተር ጋር የሚቀራረብ ፕሮሰሰር ስለያዘ የቀድሞውን ጨዋታ ማንበብ አልቻለም። ፕሌይስቴሽን 5 የዚሁ ዘር በመሆኑ ነው ከ4ቱ ጋር የሚግባባው። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖች የፕሌይስቴሽን 2ን ቺፕ በውስጣቸው ይዘው ነበር፤ በአንድ በርኖስ ሁለት ሰው እንደማልበስ ያለ ነገር ስለሆነና ወጪውን ስላበዛው አምራቾቹ ኋላ ላይ ቺፑን አስቀሩት።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
እኔ በበኩሌ አምራቹ የድሮውን ጨዋታ የማስተናገድ ግዴታ አለበት ብዬ አላምንም። የድሮው ማሽን ከቤት አልወጣ፤ በእሱ መጫወት ነው።

መልስ፣ ከደብረ ሲና
ወንድሜ፣ ማሽኑ እስካለ ድረስ እውነትዎ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ፕሌይስቴሽን 3 ማሽኖች ግን አብዛኞቹ ሲዲ የሚያነበው ሌንሳቸው የደከመ ነው፤ መለዋወጫ ማግኘትም እየከበደ ሄዷል። ማሽኑ ሲሞት በገንዘብ የተገዛው ሲዲ ሁሉ አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ አምራቾቹ የድሮውን ጨዋታ ሊደግፉ ይገባል ባይ ነኝ። የማይቻል ነው እንዳይባልም፣ የማይክሮሶፍቱ የጌም ማሽን ኤክስቦክስ ዋን ፕሮሰሰሩ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከእሱ በፊት የነበረውን የኤክስቦክስ 360ን ብዙ ጨዋታዎች በሶፍትዌር እንዲያጫውት ተደርጓል። እርግጥ እዚያ ሲዲው ለባለቤትነት ማረጋገጫ ብቻ ያገለግላል፤ ጨዋታው ራሱ ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው፤ ይህ ለእኛ አገር ኢንተርኔት ቀላል አይደለም።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ የቀረን ጥያቄ አለ፤ ከሁለቱ ፕሌይስቴሽን 4 አንዱ ጄልብሬክ የተደረገ (የአምራቹ መቆለፊያ የተሰበረ) ሲሆን ጨዋታዎቹ በሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫኑ ናቸው። እነሱንስ ማዛወር ይቻላል?

መልስ፣ ከሸዋሮቢት
አይቻልም። ፕሌይስቴሽን 5 የሚቀበለው ኦሪጅናል ሲዲውን ወይም በአካውንት የተገዛውን ብቻ ስለሆነ ያንን ማሽን እንዳትሸጡት። ሌላው፣ ሲዲ ማስገቢያው ተነጥሎ የሚገጠመውን ቀጭኑን ሞዴል ከመረጣችሁ፣ ማስገቢያው መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አስገጥሙት፤ ከራሳችሁ ሲዲዎች አንዱን ይዛችሁ ሄዳችሁም እዚያው ከፍቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።