ኮሮላ 93፦ የሙቀት ሴንሰር ገዛሁ፣ ሶኬቱ አልገባ አለ! አስቸኳይ

ቀዩ ኮሮላ፦ ጎበዝ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሞቆ ከጠፋ ደግሞ ቶሎ አይነሳም። መካኒኩ «የሙቀት ሴንሰር ቀይር» አለ። የገዛሁት አንድ ፒን ነው፣ ሶኬቱ ሁለት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ ደህና ነው። ከሰዓት ጉዞ አለብኝ።

ካንዴላ፦ የገዛኸውን የቁልፍ መያዣ አድርገው።

ሽቦ ፈታሽ፦ አንድ ፒኑ የጌጁ ነው፤ ጌጅህ ከሠራ አትንካው። ቤንዚኑን ለሚመጥነው የሞተር ኮምፒውተር የሚናገረው ባለ ሁለት ፒኑ ነው። ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ ከሆነ ሁለቱም ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ፣ ውሃ መውጫው ላይ ናቸው። ሶኬቱን ነቅለህ ሁለቱን ፒኖች በቴስተር ለካ፦ 20 ዲግሪ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም፣ 80 ላይ ከ200 እስከ 400። ሞቆም ሺዎቹ ላይ ከቀረ ኮምፒውተሩ «ገና ብርድ ነው» ብሎ ቤንዚን ያበዛል።

ባለቮልስ፦ ቮልስ ግዛ። ውሃ የለው፣ የውሃ ሴንሰር የለው።

ጋራዥ 4፦ ባለ ሁለት ፒን ግዛና ቀይር፣ አለቀ።

ጠርጣራው፦ ሴንሰሩ ነው ያለው ማነው? ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) አለ ወይስ «ያሞቃል» ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል? ከሌለ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ 80 አይደርስም፤ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው፣ አዲስ ብትገዛም ያው ነው። ጌጁ «ደህና» ስትል መሃል ነው ወይስ ከታች ትንሽ ከፍ ብሎ? ኮፈኑ ስር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ቼክ ኢንጂን ሁለት ጊዜ፣ ቆይቶ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮድ 22 ነው፦ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ሾርት አድርጓል። ኮድ ከሌለም ሴንሰሩ ነፃ አይደለም፤ ንባቡ ብቻ የሳተ ከሆነ ኮድ ላይመዘገብ ይችላል።

ካንዴላ፦ ነቅለህ በፈላ ውሃ ሞክረው፣ 100 ዲግሪ ላይ።

ሽቦ ፈታሽ፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 አካባቢ ይፈላል፤ ቴርሞሜትር ያዝ። ለዛሬው ጉዞ ሶኬቱን ነቅለህ ሂድ። ኮምፒውተሩ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይይዛል። ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ጠዋት በብርድ ማስነሳት ያስቸግራል፣ ጭሱ ግን ከጠፋ ጥፋተኛውን አገኘህ።

ጋራዥ 4፦ አዲሱን ስትገጥም በቴፍሎን ጠቅልለህ አጥብቀው።

ሽቦ ፈታሽ፦ ቴፍሎን አያስፈልገውም፣ የራሱ ሮንዴላ አለው፤ አዲስ አድርግ። የጌጁን በቴፍሎን ብትጠቀልለው ደግሞ ይብሳል፣ ማሱን (ኔጌቲቩን) የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ጌጁ ይዋሻል። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቀዝ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ አውርድ፣ ሶኬቱን በክሊፑ እንጂ በሽቦው አትሳብ። በ19 ቁልፍ ፈትተህ አዲሱን ወዲያው ክተት፤ አንድ ሁለት ስኒ ውሃ ቢፈስ ነው። ቤቱ አልሙኒየም ስለሆነ በጉልበት አታጥብቅ፣ 20 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። የሶኬቱ ፒን አረንጓዴ ዝገት ካለው ያንን ሳትጠርግ ሴንሰር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ከዚያ ውሃውን ሙላ፣ አየሩን አስወጣ።

ጠርጣራው፦ ቴርሞስታቱስ? አልመለስክልንም እኮ።

ካንዴላ፦ መንገድ ላይ ነው። ጭሱን ተከተል።