ለጤና ኬላው የሚገዛው ዩቲቪ፦ በረቂቅ 2 ላይ አስተያየት

ጸሐፊ
ረቂቅ 2 ተለጥፏል። ዓላማው ያው ነው፤ በክረምት የወረዳው አምቡላንስ ከወረዳው ከተማ ከአረቅጥ ተነስቶ ወንዙን መሻገር ስለሚያቅተው፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መሸከሟ እንዲቀር አንድ ዩቲቪ (ከኋላ ጭነት ቦታ ያለው፣ ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ትንሽ መኪና) ገዝቶ መላክ። ካዝናው ውስጥ 24,000 ዶላር አለ፤ ማጓጓዣውም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ለመስቀል እንዲደርስ ከተፈለገ የመኪናው ምርጫ በዚህ ሳምንት ይዘጋ። ክፍል 4 ላይ ኮፋኖው ላይ ስለሚጻፈው ስም አንድ መስመር ጨምሬአለሁ።

መካኒኩ፣ ዴንቨር
ረቂቅ 1 ላይ የጻፍኩት ስላልተነበበ እደግመዋለሁ። ፖላሪስ ይገዛ የምትሉ፣ ሬንጀር ኤክስፒ 1000 ላይ ያለው 82 የፈረስ ጉልበት ጎማው ጋ የሚደርሰው በቺንጊያ ነው። በሎው (በከባዱ ማርሽ) መውጣት ያለበትን ዳገት ነጂው ጭኖ በሃይ (በቀላሉ ማርሽ) ከወጣው ቺንጊያው ይግላል፣ ጎኑ ይላጣል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ወንዝ ሲሻገር ውሃ ከገባበት ደግሞ ይንሸራተታል። የካዋሳኪ ሚዩል ናፍጣውም ያው ቺንጊያ ነው። ኩቦታ አርቲቪ ኤክስ 1100 ሃይድሮስታቲክ ነው፤ የሚሄደው በዘይት ግፊት ስለሆነ የሚበጠስ ነገር የለውም። ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 1,123 ሲሲ፣ 24.8 የፈረስ ጉልበት። አይሱዙ የሚፈታ የወልቂጤ መካኒክ አይቸገርበትም። እኛ ጋራዥ ኩቦታ ለዘይትና ለፊልትሮ ካልሆነ ብዙም አይመጣም።

ዳላስ
24 የፈረስ ጉልበት ለቆላ ነው። እኛ ያለነው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። 24 ያልከው 17 ሆነ ማለት ነው። የሃይድሮስታቲኩ ዘይትስ አረቅጥ ላይ ከየት ይመጣል? ማንም ያገኘውን ዘይት ቢጨምርበት ፓምፑ አለቀ። ሆንዳ ፓዮኒር 700 እዩ። እሱም ቺንጊያ የለውም፤ እንደ መኪና ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ክብደቱ 600 ኪሎ አይሞላም፣ ኩቦታው ከቶን ያልፋል። የእኛን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ሲሰምጥ አራት ጎረምሳ ገፍቶ የሚያወጣው የትኛውን ነው?

መካኒኩ፣ ዴንቨር
ጭቃው ላይ ልክ ነህ። ጉልበቱ ላይ ግን አይደለህም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይበቃናል፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት በፍጥነት ይዞ የሚያንገጫግጭ ማን ጠየቀ? ሆንዳው ደግሞ ቤንዚን ነው። ቤንዚን በጀሪካን ከወልቂጤ ማን ሊያመላልስ ነው?

ነርሷ፣ ሚኒሶታ
የፖላሪሱን፣ የኩቦታውንና የሆንዳውን መጠን አየሁ። የኋላው ጭነት ቦታ ርዝመት 1 ሜትር አካባቢ ነው። ስፖንዳው ተዘግቶ ሰው አይተኛበትም። እዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለዚሁ የተሠራ የቃሬዛ መደገፊያ ያስሩበታል፤ ሕመምተኛው ተጋድሞ አጠገቡ አንድ ሰው ይቀመጣል። እሱ ካልተገዛ የምንልከው የድንች መጫኛ ነው። ዋጋው ረቂቁ ላይ የለም።

አትላንታ
ክፍል 4ን ማን ጻፈው? «የላይ ሰፈር ተወላጆች ስጦታ» ይላል። ታች ሰፈር አላዋጣም?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከገንዘቡ አብዛኛው ከማን እንደመጣ ገንዘብ ያዡን ጠይቅ። ጤና ኬላውም ያለው ላይ ሰፈር ነው።

አትላንታ
ጤና ኬላው የቀበሌ ነው፣ የአባትህ ግቢ አይደለም። እህቴን ከታች ሰፈር ተሸክመው ሲያወጧት ማን ነበር ከላይ የወረደ?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስናዋጣስ እናንተ የት ነበራችሁ?

አትላንታ
የጣሪያውን ነገር አታንሳ። ቆርቆሮው የት እንዳደረ ሁሉም ያውቃል።

ጸሐፊ
ስሙን የወሰድኩት ከድሮው ማኅተም ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አትላንታ
ድሮ ማኅተም ሲቀረጽ ታች ሰፈር አልተጠራም። ጭቅጭቁ የመጣውም ከዚያ ነው። ስሙ ካልተስተካከለ ከታች ሰፈር የገባው ይመለስ።

መካኒኩ፣ ዴንቨር
ለማንኛውም ኮፋኖው ፕላስቲክ ነው። ቀለም አይይዝም፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ይላጣል።

አትላንታ
እንግዲያው ስፖንዳው ላይ ይጻፍ። የኩቦታው ብረት ነው። ኩቦታ ይገዛ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ስፖንዳው ሲወርድ ስሙ ተዘቅዝቆ ይታያል። በር ላይ ይሁን።

ዳላስ
 በስም ምክንያት መኪና ልንመርጥ ነው?

ጋሼ፣ መርካቶ
ልጆች፣ ይብቃ። በንጉሡ ጊዜ አባቶቻችን ከመርካቶ ብር አዋጥተው መንገድ ሲያስወጡ ላይ ቤት ታች ቤት አላሉም። የወረዳውን ስም «ጉመር» ብላችሁ ጻፉና እለፉ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም። ይሄን ነገር ጅቡቲ ድረስ ልካችሁ ወደብ ላይ ሊቀር ነው?

ሂውስተን
ይሄ አውቶሞቢል አይደለም፤ የእርሻ መሣሪያ ነው። ሰሌዳም ሊብሬም አያስፈልገው ይሆናል። ጉምሩክ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ ነገ ጠይቄ እጽፋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
«ጉመር» ከተባለ ሌላው ቀበሌ ሁሉ የእኔ ነው ይላል። ያንንም አስቡ። አትላንታ፣ ስለ እህትህ የተናገርከው ልክ ነው፤ የጣሪያውን ነገር ማንሳት አልነበረብኝም።

አትላንታ
እሺ። የሁለቱም ሰፈር ስም ይጻፍ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
የማን ይቅደም?

ነርሷ፣ ሚኒሶታ
የቃሬዛ መደገፊያውን የመለሰልኝ የለም። መኪናው ካልተሳካ ሌላም መንገድ አለ። አጣጥ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። ሐምሌና ነሐሴ የምትወልድ ሴት ቀድማ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ወንዙ አያሳስባትም። አንድ ክፍል ሠርቶ ምግቧን መቻል ከኩቦታ ይረክሳል።

እትዬ፣ ቶሮንቶ
ልጆቿን ለማን ትታ? ላሟን ማን ያልባል? እኔ እዚያው ወልጄአለሁ፣ ከቤት አንድ ቀን መጥፋት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከክፍሉ በፊት እቤት የሚቀረው ሥራ ይታሰብ።

ዳላስ
ነዳጅ ከተከለከለ ኤሌክትሪክ አለ። ፖላሪስ ሬንጀር ኪኔቲክ 110 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከፍታ አይቀንሰውም። ትንሹ ባትሪ 72 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትልቁ 128 ያህል ይሄዳል ይላሉ።

መካኒኩ፣ ዴንቨር
እሱ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ነው። ጭቃና ዳገት ላይ ከዚያ ብዙ ቀንሰህ ቁጠር። ዋጋውም ከካዝናችን በላይ ነው። የትስ ሊሰካ? ኬላው መብራት የለውም።

ዳላስ
ሶላር ይተከላል። ለክትባት ማቀዝቀዣውም ይሆናል።

ጋሼ፣ መርካቶ
አሁን ማቀዝቀዣ ገባ። የነጂውን ደመወዝስ ማን ይከፍላል? ወረዳው አይከፍልም፣ ጠይቄአለሁ። ምጥ በሌለበት ቀን ድንችና ገብስ ለገበያ ቢያወጣ ራሱን ይችላል።

ነርሷ፣ ሚኒሶታ
ድንች ጭኖ ገበያ በሄደበት ሰዓት ምጥ ቢመጣስ? የፈራሁት ይሄንን ነው።

ጋሼ፣ መርካቶ
ነጂ ከሌለስ ማን ሊያወጣት ነው? ቆሞ የሚዝግ መኪና አይተናል። ባትሪው ሞቶ፣ ጎማው ተነቅሎ።

ጸሐፊ
ሂውስተን፣ ጉምሩክ ምን አለ?

ጸሐፊ
ሂውስተን? ሁለቴ ደውያለሁ።

ጋሼ፣ መርካቶ
ትራንዚተር አናግሬአለሁ፤ አስቀድሞ የተጻፈ ፈቃድ ካላየ አልነካም ብሏል። እንግዲህ አንድ ነገር ልበል። አምቡላንሱን የሚያቆመው ያ አንድ መሻገሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ በክረምትም ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው አለ፣ ጉልበቱም አለ። ሲሚንቶና ብረት ብንገዛ አምቡላንሱ ራሱ ይደርሳል።

መካኒኩ፣ ዴንቨር
እንደሱ ከሆነ ወር ሙሉ ስለ ቺንጊያ ምን አስጻፈኝ? ጎርፉ ከወሰደውስ? ባለፈው የተሠራው ሁለት ዓመት አልቆየም። ውሃው ከሥር የሚያልፍበት ቱቦ ጠቦ ነው የፈረሰው፤ ቅርንጫፍና አፈር ዘጋው፣ ውሃው በላይ ሄደ። መሐንዲስ ሳያየው ሲሚንቶ አትግዙ።

ጸሐፊ
ረቂቅ 3። ክፍል 1፦ ግማሹ ገንዘብ ለመሻገሪያው፣ መሐንዲስ ካየው በኋላ። ክፍል 2፦ ግማሹ ለዩቲቪ ይቆይ፤ ኩቦታ ወይም ሆንዳ፣ ጉምሩክ እስኪለይ። ክፍል 3፦ መኪናው በሳምንት ሁለት ቀን እህልና ድንች ይጭናል። ክፍል 4፦ የስሙን ጉዳይ ከሁለቱም ሰፈር ሁለት ሁለት ሰው ይወስን።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ለክፍል 4 እኔ አለሁ።

አትላንታ
እኔም።

ነርሷ፣ ሚኒሶታ
የቃሬዛ መደገፊያው አሁንም የለም። በ12,000 ዶላር ደግሞ አዲስ ኩቦታ አይገዛም። ክፍል 2 ላይ «ያገለገለ፣ ከነመደገፊያው» ተብሎ ካልገባ ድምፅ አልሰጥም።

ዳላስ
ያገለገለ ከሆነ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረውን ቆጣሪ ፎቶ ሳናይ አንድ ዶላር አይውጣ።

ገንዘብ ያዥ
ከመከፋፈላችሁ በፊት፦ 24,000 የተባለው ቃል የተገባው ተጨምሮ ነው። ባንክ ውስጥ ያለው 17,350 ነው። ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ከእሑድ በፊት አስገቡ።