የስምንት ዓመቷ ልጄ «ባሌት የምር ልማር» ትላለች፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የሜሪላንዷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ሰፈራችን ባለው የመዝናኛ ማዕከል ባሌት ትማራለች። እኔ ጊዜ ማሳለፊያ ይሆናታል ብዬ ነበር ያስገባኋት። ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወጥ ቤቱን ወንበር ይዛ ለብቻዋ ትለማመዳለች። አስተማሪዋም ጠርታ «ይቺ ልጅ እኛ ጋ ከምታገኘው በላይ ያስፈልጋታል፤ የምር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፈልጊላት» አለችኝ።

እኔ ስለ ባሌት የማውቀው ነገር የለም። እስክስታ ቢሆን እሺ! ጥሩ ትምህርት ቤት በምን ይታወቃል? በዚህ ዕድሜ በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል? ወጪውስ? ልጅቷ ደግሞ በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን ፖይንት ጫማ ካልገዛሽልኝ ብላ አላስቀመጠችኝም። አብራን የምትኖረው እናቴ «ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው ወይ?» ትላለች። ባለቤቴ «ሒሳቧን ታጥና» ባይ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የባሌት አስተማሪ ነኝ

እህቴ፣ ከጫማው ልጀምር፤ ጉዳት የሚመጣው ከእሱ ነውና። አሁን እንዳትገዢላት። ለቤት ውስጥ መጫወቻም ቢሆን አይሆንም። የስምንት ዓመት ልጅ የእግር አጥንት ገና እያደገ ነው። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት በፊት ባይጀመር ይሻላል ይላል። ዕድሜ ብቻውንም አይበቃም። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትማር ልጅ ጭራሽ ባትጀምረው ነው የሚመክረው። በሳምንት ሁለቴ የምትማርና ሌላ ችግር የሌለባት ደግሞ በአራተኛ ዓመት ትምህርቷ ልትጀምር ትችላለች። ሆድና ወገቧ ጠንካራ ነው ወይ? ቁርጭምጭሚቷ ይጸናል ወይ? ይህን ዓይቶ የሚወስነው አስተማሪ ነው። በ11 ዓመት የሚያስጀምሩ ጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እነዚህ ግን ልጆቹን በሳምንት ብዙ ቀን የሚያሠለጥኑ ናቸው። «ስምንት ዓመቷ ነው? ችግር የለም፣ እናስጀምራታለን» የሚል ቦታ ካጋጠመሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ትምህርት ቤት ለመምረጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዋንጫ አትቁጠሪ። ክፍል ገብተሽ ተመልከቺ። ብዙዎቹ በመስኮት ወይም በተመደበ ቀን ወላጅ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። አስተማሪዋ እየተዘዋወረች የእያንዳንዱን ልጅ አቋም ታርማለች ወይስ ፊት ቆማ ራሷ ትደንሳለች? ባሌት ላይ እግር ወደ ውጭ ዞሮ ነው የሚቆመው፤ የሚዞረው ግን ከዳሌ ነው። መርገጫቸውን በግድ ከፍተው ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የተጣመመ ልጆች ካየሽ፣ እነዚያ ጉልበቶች ኋላ ይታመማሉ። ወለሉንም ጠይቂ። ከሥሩ ስፖንጅ ወይም እንጨት ተነጥፎለት ትንሽ የሚለጠጥ መሆን አለበት። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ፕላስቲክ ለዝላይ አይሆንም።

ሌላው፣ የውድድር ስቱዲዮና የባሌት ትምህርት ቤት ለየቅል ናቸው። የውድድሩ ጃዝም ሂፕ ሆፕም ይቀላቅላል፤ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠናው ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚሆን ዳንስ ነው። መጥፎ ነው አልልም፣ ደስ ይላል። ባሌት የምር ልማር ላለች ልጅ ግን መሠረቱ በየሳምንቱ የሚደጋገም አሰልቺ የሚመስል ክፍል ነው። ቫጋኖቫ፣ ቼኬቲ፣ ባላንቺን፣ የእንግሊዙ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ፣ እያሉ ዘዴ ሲጠሩልሽ አትደናገጪ። በስምንት ዓመት ከዘዴው ስም ይልቅ የአስተማሪዋ ዓይን ይበልጣል።

ለአሁኑ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃታል። አሥር ዓመት ሲሆናት ሦስት፣ 12 ላይ አራትና አምስት እያለ ይሄዳል። ዘግይታለች ብለሽም አትሥጊ። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የቫጋኖቫ አካዳሚ እንኳ የሚቀበለው 10 ዓመት አካባቢ ያሉትን ነው። የለንደኑ ሮያል ባሌት ስኩል አዳሪ ተማሪዎቹን የሚያስገባው በ11 ነው። ሚስቲ ኮፕላንድ በ13 ዓመቷ ጀምራ ነው በ2015 አሜሪካን ባሌት ቲያትር የሚባለው የኒው ዮርክ የባሌት ቡድን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፕሪንሲፓል (ዋና) ደናሽ የሆነችው። በእርግጥ እንደ እሷ የሚሆን ከስንት አንድ ነው።

መልስ፦ ሁለት ሴቶች አሉኝ

እኔ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ፤ ማንም በግልጽ አይነግርሽምና። የወር ክፍያው መጀመሪያ የምታዪው ብቻ ነው። ከሱ ሌላ የመመዝገቢያ፣ የዩኒፎርም፣ የዓመቱ መጨረሻ ትርዒት፣ የልብስ ኪራይ አለ። ታኅሣሥ ውስጥ «ነትክራከር» የሚባለው ትርዒት ሲመጣ አንዳንዱ ቦታ የመሳተፊያ ያስከፍላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ትኬት ይገዛል። ከፍ ስትል ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚሰጥ የክረምት ሥልጠና ይመጣል። የዚያ ኦዲሽን፣ የመግቢያ ፈተናው ማለት ነው፣ ከጥር እስከ የካቲት ነው የሚደረገው፤ ለኦዲሽኑም ይከፈላል። የአሁኗ ለስላሳ ጫማ ርካሽ ናት። ፖይንት ላይ ስትደርስ ግን አንድ ጥንድ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከዚያም በላይ አለ። ብዙ ለምትለማመድ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ ገና ስትደውዪ የክፍያ ድጋፍ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኛ ሐበሾች ይሄን መጠየቅ እናፍራለን። ምን ያሳፍራል? አብዛኞቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ለዚሁ የያዙት ገንዘብ አለ። የዓመቱን የታክስ ወረቀትሽን ያያሉ፣ ፎርም ትሞያለሽ፣ አለቀ። ቀነ ገደቡ ግን ብዙ ጊዜ ከምዝገባው ይቀድማል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ካልጠየቅሽ መስከረም ላይ ገንዘቡ ተከፋፍሎ ያልቃል።

አንቺ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ አካባቢሽ ምርጫ አለ። ሜሪላንድ ዩዝ ባሌት እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሲ ደግሞ በ1944 የተመሠረተው ዋሽንግተን ስኩል ኦፍ ባሌት አለ፤ ደቡብ ምሥራቅ ዲሲ ዘ አርክ በሚባለው ማዕከል ውስጥም ያስተምራል። ሁለቱንም ሄደሽ እዪ። እንደ እኔ ግን ቅርበቱን አትናቂ። ከሥራ ወጥተሽ በ495 መንገድ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሳምንት ሦስት ቀን መንዳት ቀልድ አይደለም። ከክፍሏ ልጆች እናቶች ጋር ተራ መግባት ካልቻልሽ ከባድ ነው።

መልስ፦ ጋሼ ከዳላስ

ልጄ፣ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ባሌት፣ ነገ እግር ኳስ፣ ከነገ ወዲያ ፒያኖ ትላለች። የኔዎቹ ሁሉንም ብለውኛል። ጋራዤ ውስጥ የማይነካ ከበሮ ሳይቀር ተቀምጧል። ትንሽ ቆይ በያት።

መልስ፦ የባሌት አስተማሪ ነኝ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ብዙዎቹ ይተዉታል። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ተምራ ብትተወው ምን ትጎዳለች? ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሙዚቃ ትሰማለች፣ እርማት መቀበል ትለምዳለች። የሚያስፈራኝ በስምንት ዓመቷ በሳምንት ስድስት ቀን የሚያስሯት ነው። እናትየዋ ደግሞ እንደዚያ አላለችም።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ ሕመም። ከልምምድ በኋላ እግሯ ዛለ ብትል የተለመደ ነው። ተረከዟን ወይም ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ እየጠቆመች ካመማት፣ ስትራመድ ካነከሰች ወይም ሕመሙ በማግሥቱ ካለ አሳርፊያትና ሐኪም ይያት። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ማደጊያው ሲቆጣ ብዙ ጊዜ እናያለን። በእረፍት ይሻላል፤ «ቻይው» ብሎ ማስደነስ ግን ያከርመዋል።

ሁለተኛ ምግብ። ከትምህርት ቤት ወደ ልምምድ ባዶ ሆዷን እንዳትሄድ። ሙዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ያለው ዳቦ፣ ቆሎም ቢሆን ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር። ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ ነትክራከር ከገና ጾም ጋር ነው የሚገጥመው። ልምምዱ የሚበረታው ወተቱም ዕንቁላሉም በሚቀርበት ሰዓት ነው ማለት ነው። የልጅቷን ጾም በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለልጅ አባቶች ያስተውላሉ። የምትጾም ከሆነም ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝ ይብዛላት፤ ብረትና ቢ12 በቂ ታገኝ እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ።

ደግሞ አደራ፣ ስለ ሰውነቷ ማንም እንዳይናገራት። አያቷም፣ አክስቷም፣ አስተማሪዋም። እኛ ቤት «ወፍረሻል፣ ከስተሻል» ሰላምታ ነው። በየቀኑ መስታወት ፊት ለምትቆም ልጅ ግን ሌላ ነው። ስታድግ ምግብ መተው ከጀመረች፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ አይታለፍም። ሰውነቷ ከምታወጣው ያነሰ እየበላች ሊሆን ይችላል፤ አጥንቷንም ይጎዳል።

ጠያቂ፦ የሜሪላንዷ እናት

እግዜር ይስጥልኝ! ጫማው ቀረ፣ ዛሬውኑ ነገርኳት፤ አልቅሳ አበቃች። ጋሼ፣ የከበሮው ነገር አስቆኛል። አንድ ነገር ረሳሁ። የትምህርት ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ሮዝ ታይትና የተጠቀለለ ፀጉር ግዴታ ነው ይላል። የልጄ ፀጉር ሹሩባ ነው። ሮዙ ደግሞ ቆዳዋ ላይ ሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው። ይሄን ማንሳት ነውር ነው?

መልስ፦ ሁለት ሴቶች አሉኝ

ምንም ነውር የለውም! ሹሩባው ይመቻል እንጂ። ወደ ኋላ ሰብስበሽ ጠቅልለሽ በፒን ማስያዝ ነው፤ ከለስላሳው ፀጉር የበለጠ ይጸናል። ዶቃና ረጅም የተቀጠለ ፀጉር ግን አይሁን፣ ይከብዳታል።

ስለ ቀለሙ፣ ሮዝ የሆነው መጀመሪያ የለበሱት ነጮች ስለነበሩ ነው። አርተር ሚቸል ከካሬል ሹክ ጋር በ1969 የመሠረተው ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለም የሚባለው የኒው ዮርክ የጥቁሮች ባሌት ቡድን ውስጥ ደናሾቹ ታይትና ጫማቸውን እንደየቆዳቸው ማቅለም ከጀመሩ ቆይተዋል። ፍሪድ የሚባለው የለንደን ጫማ ሠሪም በ2018 ባሌት ብላክ ከሚባለው የለንደን የባሌት ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ ፖይንት ጫማ አወጣ። አሁን ብዙ ትምህርት ቤት ከጠየቅሽ ይፈቅዳል። በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ።

መልስ፦ ከኔታንያ

እኛ እስራኤል ያለን ሰዎች መጀመሪያ የምንሄደው ማትናስ ነው፤ የሰፈሩ ማዕከል ማለት ነው። ዋጋው ቀላል ነው። የምር የፈለጉት ኋላ ዳንስ እንደ ዋና ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፈተና ይገባሉ፤ ሒሳቡም ባግሩቱም (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናው) አብሮ ይሄዳል። ባልሽ ይሄን ቢሰማ ደስ ይለዋል። እናንተ ጋም እኮ ባሌት በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚሰጥበት አለ፤ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው።

እናትሽን ግን በክርክር አታሸንፊያቸውም። ይዘሻቸው ሂጂ። የኔ እናት በሊዮታርዱ፣ ሰውነት ላይ በሚጣበቀው የዳንስ ልብስ፣ ተቆጥታ ነበር፤ «ራቁቷን ነች» አለች። አንድ ቀን ክፍሉን ተቀምጣ አየች። ልጆቹ ሲገቡ ለአስተማሪዋ እጅ ይነሳሉ፣ ማንም አያወራም፣ ሲጨርሱም አመስግነው ይወጣሉ። «ይሄማ የኔታ ቤት ነው» ብላ መጣች። አሁን የምታደርሳት እሷ ናት፤ እኔን አታስጠጋኝም።

መልስ፦ የወንድ ልጅ አባት

ለምታነቡ ሁሉ፦ ወንድ ልጅ ካላችሁ ጠይቁ። ወንድ ስለሚያጥር ብዙ ቦታ ክፍያ ይቀንሳሉ፤ በነፃ የሚያስተምሩም አሉ። የኔ ልጅ እንደዚያ ነው የገባው። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት። ሲዘል ሲያዩት ተዉት።

ጠያቂ፦ የሜሪላንዷ እናት

ደውዬ ነበር። ደረጃዋን የሚያዩበት ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ይዘውላታል። የክፍያ ድጋፍ ፎርሙንም ላኩልኝ። ታይቱን ስጠይቅ «እንደ ቆዳዋ ይሁን» አሉኝ፣ በኢሜይል! እናቴም እመጣለሁ ብላለች፤ ነጠላዋን አጥባ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ ምን ላዘጋጅ? ቤት ውስጥ ላስጠናት?

መልስ፦ የባሌት አስተማሪ ነኝ

አታስጠኛት። የሚያዩት የምታውቀውን ሳይሆን የሚነግሯትን ስትሰማና ስትሞክር ነው። ተራ ሊዮታርድ፣ ታይቱ፣ ለስላሳ ጫማዋ። ቀሚስ አያስፈልግም፣ ዳሌና ጉልበቷን ማየት ይፈልጋሉ። ጌጥ ይውለቅ። ከመግባቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ቁርስ ትብላ። ፀጉሩን ዓርብ ማታ ሠርታችሁ እደሩ፣ ጠዋት እንዳትጣሉ። ዝቅ ያለ ክፍል ቢመድቧት አትከራከሪ፤ ከመዝናኛ ማዕከል የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በዓመቱ ይደርሳል። አንቺ የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው፦ ፖይንት የሚያስጀምሩት ማን ወስኖ ነው? ልጅ ሲጎዳ ምን ያደርጋሉ? መልሱን ከሰማሽ በኋላ እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።