ብሉቱዙን ባጠፋውም ተመልሶ ይበራል፣ ስልኬ ራሱ ይጽፋል!

ሰላም_ነኝ
እባካችሁ አሁኑኑ ድረሱልኝ። መልእክት መጻፊያው ላይ ያልነካሁት ፊደል ይደረደራል፣ የስክሪኑ ኪቦርድ ደግሞ አልመጣ ብሏል። በብሉቱዝ ሐሰተኛ ኪቦርድ የሚያስገባ ክፍተት አለ ሲባል ሰምቼ ብሉቱዙን አጠፋሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ በራ። ለሌላ ስልክ እንዳይታይ ካደረግሁት ቆይቷል። ምን ላድርግ?

ጠጋኙ
ፋክተሪ ሪሴት አድርጊው (ሁሉን አጥፍተሽ እንደ አዲስ አስነሺው)፣ ያልቃል።

አንቴና
የስልክሽን ሞዴልና የአንድሮይዱን ቁጥር አልነገርሽንም፣ አይፎንም ሊሆን ይችላል። መልሱ በዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

መምህር_ሞገድ
የሰማሽው ክፍተት ሲቪኢ-2023-45866 ነው (ሲቪኢ ለታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)፤ ይፋ የሆነው በዲሴምበር 2023 ነው። አጥቂው መሣሪያ መጀመሪያ «ስክሪንም ቁልፍም የለኝም» ብሎ ይቀርባል። ስልኩ እንዲህ ላለ ዕቃ ኮድ ስለማይጠይቅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ፔር ያደርገዋል፣ ማለትም ከራሱ ጋር ያጣምረዋል። ዕቃው ከዚያ ዞሮ ኪቦርድ ነኝ ይላል፣ መጻፍ ይጀምራል። ፓስወርድ ወይም አሻራ የማይጠይቀውን ሁሉ በቁልፍ ማዘዝ ይችላል። «እንዳይታይ አድርጌዋለሁ» ያልሽው ግን አያድንም፤ አንድሮይድ ላይ ብሉቱዙ መብራቱ ብቻ ይበቃል። መደበቅ ስልኩን በፍለጋ እንዳያገኙት ያደርጋል እንጂ የብሉቱዝ አድራሻውን አስቀድሞ የያዘን ሰው አይመልስም።

ፈገግታ
ራሱ መጻፍ ከጀመረ የፊደል ግድፈቱን እያየሽ አርሚለት 😄

ጠጋኙ
ሪሴት አልኩ እኮ።

አንቴና
@ጠጋኙ ሪሴት ይህን አይደፍነውም። ስሕተቱ ያለው በሲስተሙ የብሉቱዝ ኮድ ውስጥ ነው፤ ፎቶዋን አጥፍታ ያንኑ ክፍተት ይዛ ትነሳለች። የሚደፍነው አፕዴት ብቻ ነው። ሴቲንግ፣ ስለ ስልኩ፣ አንድሮይድ ቨርዥን ገብተሽ የሴኩሪቲ አፕዴቱን ቀን እዪ። ከአንድሮይድ 11 እስከ 14 ከሆነ 2023-12-05 ወይም ከዚያ በኋላ ማለት አለበት። 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ ማስተካከያ አልወጣለትም፤ ሳትጠቀሚበት ብሉቱዙን አታብሪ። አይፎን ከሆነ በአይኦኤስ 17.2 ተደፍኗል፤ ለዚያውም የሚያጠቁት ማጂክ ኪቦርድ (የአፕል ገመድ አልባ ኪቦርድ) ፔር የተደረገበትን ብቻ ነው።

ሽቦ_አልባ
እኔ ጥቃት ነው የሚለውን ገና አልተቀበልኩም። አጥቂው በብሉቱዝ ክልል ውስጥ መሆን አለበት፣ ብዙውን ጊዜ 10 ሜትር ገደማ፣ ጥሩ አንቴና ከያዘ ትንሽ ራቅ ብሎ። ቻርጀር ላይ ከሆነ ንቀዪው፤ መጥፎ ቻርጀርና የተሰነጠቀ ስክሪን ያልተነካውን እንደተነካ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ይታያል፦ የስክሪን ችግር እዚህም እዚያም ይጫናል፣ አፕ ይከፍታል። ኪቦርድ ግን ጽሑፉን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፍጥነት ያፈሰዋል። የስክሪኑ ኪቦርድ መጥፋቱ ግን አሳስቦኛል፤ አንድሮይድ ውጫዊ ኪቦርድ ሲገናኝ የራሱን ይደብቃል። ብሉቱዝ ውስጥ የተገናኙትን እዪ፤ የማታውቂው ካለ ስሙን ፎቶ አንሺና «እርሳው» በዪው። ቤት ውስጥ የታብሌት ኪቦርድ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን አጥፊ።

አንቴና
ለሚበራው ብሉቱዝ፦ አይፎን ላይ ከላይ በምትጎትችው ሰሌዳ ካጠፋሽው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። አንድሮይድ 15 ላይ «ነገ ራሱ ይብራ» የሚል ምርጫ አለ፤ አንሺው። በድሮዎቹ ግን የስማርት ሰዓት አፕ ሳይጠይቅ ሊያበራው ይችላል። ሳምሰንግ ከሆነ ብሉቱዝ ውስጥ ከላይ ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ የላቁ ምርጫዎች ውስጥ ግቢ፤ ብሉቱዝን የትኛው አፕ እንደተጠቀመበት ይዘረዝርልሻል።

መምህር_ሞገድ
የማታውቂው ኪቦርድ ከተገኘ ስልኩን ቆልፊ፣ ፓስወርዶችሽን ከሌላ መሣሪያ ላይ ቀይሪ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የገባ አፕ እንዳለም ፈትሺ።

ሽቦ_አልባ
@ሰላም_ነኝ አለሽ? ዝርዝሩ ውስጥ ምን አገኘሽ?